ለሣር የወጣ ሕግ፣ ለቀበሮ የተረፈ ምድር

ገላን ኮንዶሚኒየም ላይ የዘነበ ዝናብ ወርዶ ወርዶ አዋሽ ይገባል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደብረ ብርሃንና ከጣርማ በር ማዶ፣ በመንዝ ከፍታ ላይ ከተዘረጋው ከጓሳ ምሥራቃዊ ገደል የሚወርደው ውኃም መድረሻው አዋሽ ነው፤ በስተ ምዕራብ የሚፈሰው ደግሞ ዓባይን ይቀላቀላል። በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ፣ ጤፍና ሽንብራ ይዘራበት በነበረ መረሬ አፈር ላይ በቆመ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው ስለ ጓሳ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። የዚያ ተራራ ያለፈ ታሪክ ግን የከተማ ሰውንም ይመለከተዋል። የአንድ ሣር፣ የአንድ ሥርዓትና የአንድ አዳኝ እንስሳ ታሪክ ነው።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ስትቆይ ግን ምድሩ ይሞቃል። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ተራራውን ስም ያወጣለት ረጅሙ የጓሳ ሣር፣ አስታ፣ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅብራ ነው። ፀሐይ ሲሞቅ አይጡና ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ይወጣል። አይጡ በቀን ስለሚወጣ አዳኙም በቀን ይወጣል፤ እግሩ ረዘም፣ አፉ ሹል ያለ፣ ደረቱና ጉሮሮው ላይ ነጭ የጣለበት ቀይ ቀበሮ። ሲያድን ብቻውን ነው። ሲያድር ግን ከቤተሰቡ ጋር ተጠቅልሎ ሜዳ ላይ ያድራል፤ ንጋትና ምሽት ላይም ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ የግዛቱን ድንበር ይዞራል።

ይህን ምድር በሚገባ ለመረዳት ለጊዜው ወደ ሰሜን ዋልታ ዳርቻ መሻገር ይጠቅማል። በግሪንላንድ፣ በሳይቤሪያና በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ ቱንድራ የሚባል ዛፍ አልባ ቀዝቃዛ ምድር አለ። የፍጥረቱ ዓይነት ጥቂት ነው። በደንና በቆላ ተሸፋፍኖ የሚቀመጠው የበላተኛና የተበላ ግንኙነት እዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ይታያል። በምሥራቅ ግሪንላንድ ሌሚንግ የተባለች አይጥ መሰል ፍጥረት በየአራት ዓመቱ ገደማ ትበዛና መልሳ ትመናመናለች። ይህን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ምክንያቱን አራት አዳኞች ዘንድ አገኙት፤ የዋልታ ቀበሮ፣ በረዶማ ጉጉት፣ ረጅም ጭራ ያላት የባሕር ወፍና ስቶት የምትባል ቀጭን ሥጋ በል። ሦስቱ ሌሚንግ ሲበዛ እየበዙ ጭማሪውን ይገቱታል፤ ስቶቷ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ዘግይታ ትበዛና ቁጥሩን ታወርደዋለች። አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ ሆነው የምድሩን ዓመት ይቆጥራሉ ማለት ነው።

ከዚህም የሚያስገርም በአላስካ ምዕራብ በአሉሺያን ደሴቶች ተገኝቷል። የቆዳ ነጋዴዎች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ እስከ 20ኛው መጀመሪያ ድረስ ቀበሮ ወዳልነበረባቸው ደሴቶች ቀበሮ አመጡ፤ ቆዳው እንዲበዛላቸው። ቀበሮዎቹ ግን እዚያ የሚፈለፈሉትን የባሕር ወፎች ጨረሷቸው። ወፎቹ ከባሕር ይዘው የሚመጡት ኩስ ነበርና የደሴቱን ሣር ያዳብር የነበረው፣ ኩሱ ሲቀር ለምለሙ ሣር ጠፍቶ ደሴቶቹ በአጫጭር ቁጥቋጦ የተሸፈነ ቱንድራ ሆኑ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ቀበሮ ሣር አይበላም፤ ሆኖም ሣሩን አጠፋው። እንግዲህ አዳኝ እንስሳ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን እግሩ የሚረግጠውንም ምድር ሊለውጥ ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቱንድራ የለም። የቅርብ ዘመዱ ግን አለ፤ በአፍሪካ ከ3000 ሜትር በላይ ካለው መሬት አብዛኛው የሚገኘው በዚህችው አገር ነው። ስሜን፣ ባሌ፣ አርሲ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ ቦረና ሳይንት፣ መንዝ ጓሳ የየራሳቸው ቆላና ወይና ደጋ የከበባቸው የብርድ ደሴቶች ናቸው። የነዋሪያቸውም መነሻ ከብርድ አገር ነው። በዘር ቅንጣት ላይ የተደረገው ምርምር እንደሚያሳየው ቀይ ቀበሮ ለአፍሪካ ቀበሮዎች ሳይሆን ለሰሜኑ ተኩላ ይቀርባል። ቅድመ አያቶቹ ከዩራሲያ የመጡት፣ የኢትዮጵያ ከፍታዎች ከዛሬው ይበልጥ በቀዘቀዙበትና ውርጫማው ሜዳ ከዛሬው በሰፋበት ዘመን ነው። አየሩ ሲሞቅ ደን ከታች እየገፋ ወጣ፤ ሜዳውም እየጠበበ ቀበሮውን ይዞ ወደ ጫፍ ሸሸ።

በዚያ የበረዶ ዘመን ከፍታው ላይ የነበረው አዳኝ እርሱ ብቻም አልነበረም። በባሌ ተራሮች፣ በ3469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊንጫ ሐበራ የሚባል የድንጋይ ዋሻ አለ። አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ያገኙት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም የከፍታ ኑሮን ታሪክ ወደ ኋላ ገፋው፤ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ይኖሩ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የባሌ አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ምግባቸውስ ምን ነበር? ከዋሻው ከተገኘው አጥንት እጅግ የሚበዛው የግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ጠብሰው ይበሉት ነበር። ዛሬ በባሌው የሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ከጉድጓድ አፍ ቆሞ የሚጠብቀው ያንኑ ፍልፈል ነው፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊደርስ የሚችል፣ ከባሌ ሌላ በዓለም የትም የማይገኝ። ሰውና ቀበሮ ከአንድ ገበታ በሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለአውሮፓ ሊቃውንት ቀበሮውን ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወደ ስሜን ወጥቶ ያየውን እንስሳ ለሳይንስ መዘገበ፤ ስሙም ከስሜን ጋር ታስሮ ቀረ። በአገሬው ዘንድ ግን ቀይ ቀበሮ ብዙ ታሪክ አልተነገረለትም። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ የጣለ ይፎክር፣ ይሸለም ነበር፤ ቀበሮ ገድሎ የፎከረ የለም። ይህ ቸል መባል ለእንስሳው በጎ ሳይሆንለት አልቀረም። ጠላቱ ጦር አልነበረም፤ ማረሻ ነበር።

መንዝ ላይ ማረሻውን ያስቆመው ሥርዓት ቄሮ ይባላል።

መንዝ የሸዋ ነገሥታት ቤት የበቀለበት ምድር ነው፤ ነጋሲ ክርስቶስ ኃይሉን ያጠናከረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በዚሁ አገር ነው። የጓሳ ሥርዓትም ወደዚያው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። የአገሩ ሰው ሲያወራ አስቦና ጌራ የተባሉትን ቀደምት አባቶች ይጠራል፤ ጓሳውም የሁለቱ ትውልድ ነው። ዘሩን ከእነርሱ የሚቆጥር ሁሉ በአጽመ ርስት የጓሳ ድርሻ ነበረው። ድርሻው ግን እንደ ልብ የሚገባበት አልነበረም። በተመረጠ አለቃ ሥር ሆኖ ጓሳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ በነዚያ ዓመታት ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፣ ማንም ከብት አይነዳበትም። የመዘጋቱን ርዝመት የሚወስኑት የሣሩ እድገትና የሕዝቡ ችግር ነበሩ፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ክፉ ዓመት ሲመጣ አለቃውና ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ቀኑን ይቆርጣሉ፤ ቀኑም በየቤተ ክርስቲያኑና በየገበያው ይነገራል። ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው ማጭድ ነው፤ ከብቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ በበጋው ነው። ክረምት ሲመጣ ከብቱ ከተራራው ይወርዳል፤ ጓሳም መልሶ ይዘጋል።

የጥበቃው ነገር ቀላል አልነበረም። ጓሳን የመጠበቅ ተራ የደረሰው ሁሉ የመውጣት ግዴታ ነበረበት፤ የቀረ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል የሚደርስ ቅጣት ይጠብቀው እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ሲሰሙት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ያ ሣር ለመንዝ ሰው ምን እንደነበር ካልታወቀ የቅጣቱ ክብደት አይገባም። የጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፤ ከገለባ ክዳን በእጅጉ ይበልጣል። ገመድ ይሆናል። መጥረጊያ ይሆናል። ወለል ላይ ይጎዘጎዛል፤ ፍራሽ ውስጥ ይሞላል። እረኛ ክረምቱን የሚያልፍበት ገሳ የሚታታው ከእርሱ ነው። ተሸጦም ገንዘብ ያመጣል። በተራራ ብርድ፣ ዛፍ በሌለበት፣ በግና ገብስ ብቻ ባለበት አገር ሣር ማባከን ቤት እንደ ማፍረስ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ቀበሮ አንዲት ቃል የለችም። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች አዳኝ እንስሳን እንጠብቅ ብለው አልተቀመጡም፤ የሚጠብቁት የልጆቻቸውን ጣራ ነበር። ነገር ግን ሦስትና አምስት ዓመት ያልተነካ ሣር ሥር አይጡ ይራባል፤ ከጭልፊትና ከንስር የሚሸሸግበት ያገኛል። አይጡ ሲበዛ ቀበሮው ቤተሰብ ይመሠርታል፤ ቡችሎቹን ያሳድጋል። ሣሩ ታጭዶ ከብት ሲገባ ደግሞ ዓመቱ አጭር ነው፤ ምድሩ መልሶ ያርፋል። በባሌ የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት የቀይ ቀበሮ ብዛት የሚከተለው የአይጡን ብዛት ነው፤ እዚያ ከሚበላው ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው በቀን የሚወጣ አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ አይጡን የሚያሳድር ሕግ ቀበሮውን ያሳድራል። የጓሳ አባቶች ሳያስቡት በአገራችን ከታዩት የአዳኝ እንስሳ መጠለያዎች አንዱንና ዕድሜ ጠገቡን አቆሙ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969፣ የባሌው ደግሞ የተመሠረተው በ1970 ነው፤ የመንዝ ገበሬ ግን ከዚያ 300 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተራራውን ይዘጋና ይከፍት ነበር።

ሥርዓቱ የጸዳ ነበር ማለት ግን አይደለም። ዘሩን ከአስቦና ከጌራ መቁጠር ያልቻለ ሰው ጓሳው ጎረቤቱ ሆኖ ሳለ ማጭድ ይዞ መግባት አይችልም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ያ ልዩነት ፈረሰ። ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋርም አለቃው፣ የመዝጊያውና የመክፈቻው ቀን፣ የጥበቃው ተራ አብረው ቀሩ። ሁሉም መብት ሲኖረው ግን ግዴታው የማን እንደሆነ ጠፋ። ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ ጀመር፤ ከብት ዓመቱን ሙሉ ገባበት፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተቆረጠ፤ ማረሻውም ከዳር ዳር ገፋ። ፍትሕ ያጎደለ ሥርዓት በፍትሕ ስም ሲፈርስ ሣሩንም ይዞት ሊጠፋ ነበር። ይህ የጓሳ ታሪክ እጅግ አሳዛኙ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱን፣ ማለትም የሁሉንም መብትና የጋራ ግዴታን፣ አብሮ ማስኬድ ይቻል እንደነበር በኋላ ታይቷል።

የታየውም በዚያው በመንዝ ነው። ከጓሳ ጋር የሚዋሰኑት ቀበሌዎች በየበኩላቸው ሰው መርጠው ኮሚቴ አቆሙ፤ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት። መተዳደሪያ አወጡ፣ ጠባቂ መደቡ፣ የአጨዳ ቀን ቆረጡ። የድሮው ቄሮ በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ይህን ታሪክ በጥልቀት ያጠናው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘለዓለም ተፈራ ነው። በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ሥራው የጓሳን የጋራ መሬት አስተዳደርና የቀይ ቀበሮን ህልውና አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ነው። ኋላም በፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ድጋፍ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ፤ ለጎብኚ ማደሪያም ተሠራ። ከመቶ ሰማንያ ዓመት ግድም በፊት ቀበሮውን ለሳይንስ የመዘገበው ሩፔልም የዚያችው ከተማ ልጅ ነበር።

ጥብቅ ሥፍራው ለሳይንስ ያበረከተው ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጓሳ ላይ ጭላዳን የሚከታተል የምርምር ቡድን ሰፍሯል። ጭላዳ በኢትዮጵያ ከፍታዎች ብቻ የሚኖር፣ ሣር እየነቀለ የሚበላ ዝንጀሮ ነው፤ በመቶዎች ሆኖ ሜዳ ላይ ይሰማራል። ተመራማሪዎቹ ያስተዋሉት ያልተለመደ ነገር ነበር። ቀይ ቀበሮ ሰተት ብሎ በጭላዳው መንጋ መካከል ይገባል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹም። ቀበሮው ዝግ ብሎ ይራመዳል፤ ጥርጣሬ የሚያስነሳ ሩጫ አይሮጥም፤ ትንንሽ ጭላዳዎች አጠገቡ እያሉ ዓይኑ አይጥ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት በቁጥር ሲነገር ይህን ይመስላል፤ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ፣ በጭላዳ መካከል ሲያድን ግን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል። ምናልባት ጭላዳው ሣር ሲነቅል አይጡን ከተሸሸገበት ያወጣዋል፤ ወይም አይጡ በመንጋው ሁካታ ውስጥ ቀበሮውን መለየት ያቅተዋል። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ያዘ። ጭላዳዎቹ ወዲያው ተነሥተው አስጣሉት፤ አባረሩትም፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከሉት። ውሻ ሲያዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ገና ከሩቅ ሲታያቸው ወደ ገደሉ ይሮጣሉ።

ውሻው የቀበሮውም ጠላት ነው፤ የሚያጠቃው ግን በጥርሱ ሳይሆን በበሽታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሌ ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኛ ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ ከተጠኑት ቤተሰቦች አብዛኛውን ጨረሰ። በ2003 ተመለሰ። በ2008 ዳግም፣ በ2014 ደግሞ ሌላ ጊዜ። በመካከሉ ዲስተምፐር የተባለው የውሻ በሽታ በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ገባ። ቀበሮዎች በቤተሰብ ተጠጋግተው ስለሚያድሩና ስለሚላላሱ አንዱን የያዘ በሽታ ሁሉንም ያገኛል። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የመንደር ውሾችን ሲከትብ ቆየ፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ ወቅት ደግሞ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን እየያዙ መከተብ ተፈቀደ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ሁሉንም መከተብ አላስፈለገም፤ ሸለቆና ሸለቆን የሚያገናኘውን መተላለፊያ የያዙትን ቤተሰቦች መከተብ በሽታውን ለማስቆም ረዳ። ከ2018 ጀምሮ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚበላ የአፍ ክትባት በባሌ ሥራ ላይ ውሏል።

ይህ ሁሉ ለገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ግን አይደለም። በአዲስ አበባ ዳርቻዎች ቆሻሻ ያለበት ሁሉ ባለቤት የሌለው ውሻ አለ፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ይመጣል። ከተሜው ጅብን በፍርሃትና በጥላቻ ያያል። ሆኖም በመቀሌ ዙሪያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን የከብት ጥንብ እንደሚያነሡ፣ በዚህም ወደ ሰውና ወደ ከብት ሊተላለፍ የሚችል የአባ ሰንጋና የሳንባ ነቀርሳ በሽታ እንደሚቀንሱ አስልቷል። በትግራይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋና አጥንት ሲጠፋ ጅቡ ወደ አህያ እንደሚዞር አሳይቷል፤ ከጾሙ በፊት ከኩሱ ከተገኘው ፀጉር የአህያው ድርሻ ከመቶ 15 ገደማ ነበር፣ በጾሙ ወቅት 33 ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን የጾም ቀን ስታውጅ የጅቡም ማዕድ ይለወጣል። ከጓሳ ታሪክ ጋር የሚያገናኘውም ይኸው ነው፤ ሰው ለራሱ ብሎ ያወጣው ሥርዓት፣ ሣር ይሁን ጾም ይሁን የቆሻሻ አወጋገድ፣ አዳኝ እንስሳው ደጅ ይደርሳል።

ሥርዓት ባልነበረበት ወይም ፈርሶ ባልተመለሰበት ተራራ የሆነውን ማየት ልብ ይሰብራል። በኢትዮጵያ ከ3200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 ከመቶ ያህሉ ታርሷል። ገብስ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይወጣል፤ ድንችም ይከተለዋል። የጎጃሙ ጮቄ ቀበሮውን አጥቷል። ከመንዝ ብዙ ሳይርቅ በዚያው በሰሜን ሸዋ ያለው ጎሽ ሜዳም አጥቷል። የጎንደሩ ጉናም እንዲሁ። ጮቄና ጉና የብዙ ወንዞች ራስ ናቸው፤ ሣሩ የተራቆተ ተራራ ዝናቡን ይዞ ማቆየት ስለማይችል ጉዳቱ ቀበሮ አይቶ ለማያውቀው የቆላ ገበሬም ይተርፈዋል። ገበሬውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በደጋ ጫፍ ማሳ የሚፈልግ ወጣት ሌላ መሬት ስለሌለው ነው ወደ ውርጭ የሚወጣው። የጓሳ ሰዎችም ድህነት አጥተው አይደለም ሣሩን የጠበቁት፤ የሚያስጠብቃቸው የጋራ ሕግ፣ ከሕጉም የሚያገኙት የሚታይ ጥቅም ስለነበራቸው ነው።

ሳይንስም ገና ብዙ እየነገረን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከባሌ የወጣ ጥናት ቀይ ቀበሮ በአበባ ወቅት ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የአበባውን ወለላ ሲልስ፣ አፉ ላይም ብናኝ ይዞ ሲሄድ አሳይቷል። ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ አበባ ለአበባ ብናኝ ያደርሳል ብሎ የጠረጠረ ብዙ ሰው አልነበረም። የባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ይህ ቀበሮ ነው።

ዛሬ በመላው ዓለም የቀረው ለአቅመ መውለድ የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሌ ላይ ነው፤ ቀሪው በአርሲ፣ በስሜን፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ከፍታዎች፣ በመንዝ ጓሳ በጥቂት በጥቂቱ ተበታትኗል። በባሌ አንድ ክፉ ወረርሽኝ ቢመጣ የዝርያው ተስፋ በእነዚህ ትንንሽ ተራሮች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለጉናና ለጮቄ ጥበቃ ዕቅድ የሚያወጡ የክልልና የወረዳ ሰዎች ዕቅዱን ቢሮ ውስጥ ከመጻፋቸው በፊት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ሄደው የጓሳን ኮሚቴ ሽማግሌዎች ቢጠይቁ፣ የመዝጊያውና የመክፈቻው ቀን እንዴት እንደሚቆረጥ ቢማሩ መልካም ነው። በጥቅምት ጓሳን ለማየት ከአዲስ አበባ የሚነሣ ጎብኚም ውሻውን ቤቱ ትቶ ይሂድ፤ ቤት የሚቀረውንም ያስከትብ።